በምጥ ጊዜ ቀጥ ብሎ ለመቆየትና ለመንቀሳቀስ የሚያግዙ መሳሪያዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ምጥ የያዛት እናት ክፍሉ ውስጥ ስትገባ የምታየው አልጋ ብቻ ከሆነ በቀጥታ ወደ አልጋው ትሄዳለች፤ ከዚያ መነሳት ደግሞ ሰዓቱ በገፋ ቁጥር እየከበደ ይመጣል። ኳሱ ተነፍቶ፣ ምንጣፉ ተነጥፎ፣ የምትጨብጠው ነገር ተዘጋጅቶ ከጠበቃት ግን ብዙ ጊዜ ማንም ሳይነግራት ትሞክረዋለች። የመሳሪያዎቹ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ እናቲቱ አቀማመጧን ደጋግማ እንድትቀይር ያግዟታል። አንዱን ይዞ ለሰዓታት መቀመጥ ጥቅሙን ያሳጣዋል። መልሶቹ የተጻፉት ለእናቶች ነው፤ አብሮ የሚገባ አጋዥና አዋላጅም የሚጠቀሙበት ነገር ያገኙበታል።

ቀጥ ብሎ ማማጥ ማለት መቆም ነው?

መቆምና መራመድ ከመንገዶቹ አንዱ ነው። መቀመጥ፣ መንበርከክ፣ ቁጢጥ ማለት፣ ወደፊት ዘንበል ብሎ አልጋ ወይም ሰው ላይ መደገፍ፣ በእጅና በጉልበት መሬት መያዝም አብረው ይቆጠራሉ። መለየት ያለበት ክብደቱ የት እንዳረፈ ነው። ትራስ ተደግፎ በግማሽ ጋደም ማለት ቀጥ ያለ ይመስላል፤ ነገር ግን ክብደቱ የሚያርፈው ጭራ አጥንቱና ከሱ በላይ ያለው አጥንት ላይ ስለሆነ በጀርባ ከመተኛት ብዙም አይሻልም። በየማዋለጃ ክፍሉ በብዛት የሚታየው ደግሞ ይኸው አቀማመጥ ነው።

በጀርባ ከመተኛት በምን ይሻላል?

በጀርባ ሲተኙ ከባዱ ማህፀን ከኋላው ያሉትን ትላልቅ የደም ሥሮች ይጫናል። ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሲቀንስ የእናት የደም ግፊት ሊወርድ፣ ወደ እንግዴ ልጁ የሚደርሰው ደምም ሊያንስ ይችላል። በጀርባ ስትተኛ ያዞራት፣ ያላባት ወይም ያቅለሸለሻት እናት ወዲያውኑ ወደ ጎን ትዙር። ሌላው ምክንያት አጥንት ነው፦ ጭራ አጥንቱ ላይ ክብደት ካልተጫነ የልጁ ጭንቅላት ሲያልፍ ወደኋላ ሸሸት ይላል፣ የዳሌው መውጫም ይሰፋል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው የኮክሬን ግምገማ (ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን) እንዳሳየው፣ በመጀመሪያው የምጥ ደረጃ (የማህፀን በር በሚከፈትበት) ቀጥ ብለው የቆዩ ወይም የተራመዱ እናቶች ምጥ ከተኙት ጋር ሲነጻጸር በአማካይ 1 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ያህል አጥሯል፤ በቀዶ ጥገና የወለዱትና ኤፒዱራል (በጀርባ በኩል በመርፌ የሚሰጥ የምጥ ሕመም ማደንዘዣ) የወሰዱትም ያነሱ ነበሩ። በሌላ የኮክሬን ግምገማ ደግሞ፣ ኤፒዱራል ባልወሰዱ እናቶች ላይ፣ በመግፊያው ደረጃ ቀጥ ማለት ልጁን ስበው በሚያወጡ መሳሪያዎች (በቫኪዩምና በፎርሴፕስ) መውለድን እንዲሁም የብልት በር መቆረጥን ቀንሷል። በአንጻሩ ከ500 ሚሊ ሊትር በላይ ደም የፈሰሳቸው በዝተው ተመዝግበዋል። ይህን ሁለተኛውን ደብቆ የመጀመሪያውን ብቻ መንገር ተገቢ አይደለም፤ የወሊድ ዱካን (ለመውለጃ የሚሆን ዝቅ ያለ መቀመጫ) የሚመለከተው ጥያቄ ላይ እንመለስበታለን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 መመሪያው፣ አስጊ ሁኔታ የሌለባቸው እናቶች በምጥ ጊዜ እንዲንቀሳቀሱና ቀጥ እንዲሉ፣ ሲወልዱም የመረጡትን አቀማመጥ እንዲይዙ እንዲበረታቱ ይመክራል።

የትኛው መጠን ኳስ ይሆነኛል?

የኳስ ቁጥር ሙሉ በሙሉ ሲነፋ የሚኖረው ቁመት ነው። ቁመትዎ ከ160 ሴ.ሜ በታች ከሆነ በአብዛኛው 55፣ ከ160 እስከ 172 አካባቢ ከሆነ 65፣ ከዚያ ካለፈ 75 ሴ.ሜ ይስማማል። አምራቾች ድንበሩን ትንሽ ከፍ ዝቅ ስለሚያደርጉት ተቀምጠው ያረጋግጡ። ሁለቱም እግሮችዎ ከነተረከዛቸው መሬት ረግጠው፣ ጉልበትዎ ከዳሌዎ ዝቅ ማለት አለበት። ጉልበት ከዳሌ ከፍ ካለ ኳሱ አንሷል ወይም በደንብ አልተነፋም፤ ያኔ ዳሌ ወደኋላ ይንሸራተትና ወገብ ይጎብጣል፣ እናቲቱም ሊረዳት በመጣው ኳስ ላይ የወገብ ሕመም ትጨምራለች። ተረከዝ ከመሬት ከተነሳ ደግሞ ኳሱ በዝቷል።

ማሸጊያው ላይ ሁለት ነገር ይፈልጉ። አንዱ፣ ቢበሳ በአንዴ ሳይፈነዳ ቀስ ብሎ የሚተነፍስ ዓይነት መሆኑ ነው። ሁለተኛው የሚችለው ክብደት ነው፤ ነጠር ነጠር ሲሉበት ጫናው ከክብደትዎ ስለሚበልጥ፣ የተጻፈው ቁጥር ከመጨረሻው ወር ክብደትዎ በብዙ ይብለጥ። የልጆች መጫወቻ ኳስ በፍጹም አይተካውም።

ነፍቼው ከተጻፈበት መጠን አነሰ። ተበላሽቶ ነው?

አይደለም። አዲስ ኳስ በአንድ ቀን አይለጠጥም። መጀመሪያ እስከ 80 በመቶ ያህል ይንፉት፣ 24 ሰዓት ያቆዩት፣ ከዚያ ይሙሉት። ለመለካት ግድግዳው ላይ ከወለሉ 65 ሴ.ሜ (ወይም የኳስዎን ቁጥር ያህል) ከፍ ብለው ምልክት ያድርጉ፤ ኳሱን ግድግዳው ሥር አስጠግተው አናቱ ላይ መጽሐፍ ያጋድሙ፤ የመጽሐፉ ሥር ምልክቱ ጋ ሲደርስ ማቆም ነው። ጊዜ ስለሚወስድ ይህን ሥራ ምጥ እስኪጀምር አያቆዩት።

ኳሱ ላይ እንዴት ልቀመጥ? የመውደቅ ፍርሃት አለብኝ።

ፍርሃቱ ትክክል ነው፤ አብዛኛው መውደቅ የሚመጣው ሲቀመጡና ሲነሱ እንጂ ከተቀመጡ በኋላ አይደለም። ኳሱን ከግድግዳ ወይም ፍሬኑ ከታሰረ አልጋ ጋር ያስጠጉት። ወለሉ ሰድር ከሆነ የማይንሸራተት ምንጣፍ ከሥሩ ይነጠፍ። ካልሲ ያውልቁ፤ ባዶ እግር ወይም ሶሉ የሚይዝ ጫማ ይሻላል። ጀርባዎን ለኳሱ ሰጥተው ኳሱ እግርዎን እስኪነካ ድረስ ወደኋላ ይጠጉ፣ እግርዎን ከትከሻዎ ሰፋ አድርገው ይክፈቱ፣ በአንድ እጅ ኳሱን በሌላው አልጋውን ወይም አጋዥዎን ይዘው ቀስ ብለው ይቀመጡ። መሃሉ ላይ ይሁኑ፤ ጠርዙ ላይ ከተቀመጡ ኳሱ ወደኋላ ይሸሻል።

ከዚያ ዳሌን ወደፊትና ወደኋላ፣ ወደ ጎንና ወደ ጎን፣ በክብም ማንቀሳቀስ ነው። ብዙዎች ምጡ ሲመጣ ዝግ ያለ ክብ፣ ሲያልፍ ትንሽ መንጠር ይመቻቸዋል። የሽርት ውሃ ከፈሰሰ ኳሱ ያዳልጣል፤ ፎጣ ወይም የሚጣል ጨርቅ ያልብሱት፣ ሲረጥብም ይቀየር።

ወገቤን በጣም ያመኛል። ኳስ ላይ መቀመጥ አልረዳኝም።

እንግዲያው አይቀመጡበት፤ ይደገፉት። ጉልበትዎ ሥር ወፍራም ምንጣፍ ወይም የታጠፈ ብርድ ልብስ ያድርጉ፣ ይንበርከኩ፣ ደረትዎንና ክንድዎን ኳሱ ላይ ጥለው እቅፍ ያድርጉት። የሆድዎ ክብደት ወደፊት ስለሚወርድ ወገብ ይቀላል፤ አጋዥዎም ከኋላ ሆኖ ወገብዎን በእጁ መዳፍ ሥር አጥብቆ መጫን ይችላል። መንበርከክ ካልተመቸ አልጋው ከፍ ይደረግና ኳሱ አልጋው ላይ ይቀመጥ፤ እርስዎ ቆመው ይደገፉበታል።

እንዲህ ያለው ከባድ የወገብ ሕመም ብዙ ጊዜ የልጁ ጀርባ ወደ እናት ጀርባ ሲዞር ይመጣል። በእጅና በጉልበት መሆን ሕመሙን ማስታገሱ ታይቷል፤ ልጁን ያዞረዋል ብሎ ቃል መግባት ግን አይቻልም።

ኤፒዱራል ከወሰድኩ መሳሪያዎቹ ይቀሩብኛል ማለት ነው?

አንዳንዶቹ ይቀራሉ፣ አንዱ ግን ያኔ ነው የሚጠቅመው። ኦቾሎኒ የሚመስል፣ መሃሉ ቀጠን ያለ ኳስ አለ፤ በብዛት የሚገኘው በ40፣ በ50 እና በ60 ሴ.ሜ ነው። እናቲቱ በጎኗ ትተኛለች፣ ላይኛው እግሯ ጉልበቱ ታጥፎ የኳሱ ቀጭን ቦታ ላይ ይቀመጣል፣ ቁርጭምጭሚቷም ኳሱ ላይ ያርፋል። ጉልበቷ ከዳሌዋ ጋር እኩል ከሆነ መጠኑ ልክ ነው። ጉልበቱ ወደ ጣሪያ ከተሰቀለ ወይም ወገቧ ከተጠመዘዘ አንድ ቁጥር ይቀነስ፤ ኤፒዱራል ስላለ ሕመሙ አይሰማትምና ይህን ማየት የአዋላጇ ኃላፊነት ነው። በየ30 ደቂቃው፣ ቢዘገይ በየሰዓቱ ጎን ይቀየራል።

ከአልጋ መውረድ የሚቻለው ተቋሙ ሲፈቅድና እግር ሲጠነክር ብቻ ነው። የደም ግፊት ይለካል፤ እናቲቱ እያንዳንዱን እግር ሳታጥፍ ከአልጋው አንስታ መያዝ መቻሏ ይታያል፤ ከዚያም ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዟት አልጋው ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች፣ ቀጥሎ ትቆማለች። እግሯ ከከዳት ኳስ፣ ዱካና ቁጢጥ አይሞከሩም።

አንድ መታወቅ ያለበት ነገር፦ በ2017 ውጤቱ በታተመው የእንግሊዝ ጥናት፣ ዝቅተኛ መጠን ያለው ኤፒዱራል ወስደው በመግፊያው ደረጃ በጎናቸው ከተኙ የመጀመሪያ ወላዶች 41 በመቶው ያለ መሳሪያ እገዛ በብልት ሲወልዱ፣ ቀጥ ካሉት ውስጥ 35 በመቶው ነበሩ። ስለዚህ ኤፒዱራል ላይ ሲገፉ በጎን መተኛት የሽንፈት ምርጫ ተደርጎ አይታይ፤ የሚሻለው እሱ ነው።

የወሊድ ዱካ መቼ ነው የሚጠቅመው?

የማህፀን በር ሙሉ በሙሉ ከተከፈተና የመግፋት ስሜቱ ከመጣ በኋላ ነው። ዱካው ዝቅ ያለና ፊቱ ክፍት የሆነ ነው፤ ክብደቱ በሁለቱ መቀመጫ አጥንቶች ላይ ያርፋል፣ ጭራ አጥንቱ ነጻ ይሆናል። አጋዥ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ በደረቱ ይደግፋታል፤ አዋላጇ ፊት ለፊት ዝቅ ብላ ትሠራለች። ከሥሩ ንጹሕ ጨርቅ ይነጠፋል፣ የደሙ መጠን እንዲታወቅም ሰፊ ሳህን ይቀመጣል።

ስህተቱ ብዙውን ጊዜ የጊዜ ነው። ሥጋው ሳይደገፍ ክፍት ላይ ስለሚቆይ ደም ወደታች ይወርዳል፣ የብልት ከንፈርና አካባቢው ያብጣል፤ ያበጠ ሥጋ ደግሞ በቀላሉ ይቀደዳል። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ተቀምጠው ይነሱ፣ ለጥቂት ምጥ ይቁሙ ወይም ይንበርከኩ፣ ከዚያ ይመለሱ። እብጠት ከታየ መመለስ የለም። ጭንቅላቱ መውጣት ሲጀምር እናቲቱ በኃይል መግፋቷን ትታ በአጭር በአጭሩ እንድትተነፍስ መንገር እዚህ ላይ ከሌላው አቀማመጥ ሁሉ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ልጁ እንደተወለደ እናቲቱ ልጇን ደረቷ ላይ ይዛ ወደ አልጋ ወይም ምንጣፍ ትዛወር። የእንግዴ ልጁን ዱካ ላይ ተቀምጦ መጠበቅ የደም መፍሰሱን ለማየትም ለመቆጣጠርም ያስቸግራል። ደም እንዳይበዛ የሚሰጠው 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ወዲያው እንዲሰጥ ከመውለዷ በፊት ተዘጋጅቶ ይቀመጥ።

ቁጢጥ ማለት የምችለው ለምን ያህል ጊዜ ነው?

በምጡ ሰዓት ቁጢጥ፣ ምጡ ሲያልፍ ቀና። ዳሌን ለመክፈት እንደ ቁጢጥ ያለ የለም፤ ነገር ግን ያልለመደው ሰው ጭኑ ቶሎ ይደክማል። ከጉልበት በታች በውጭ በኩል የሚያልፈው ነርቭም ለረጅም ጊዜ ከታጠፈና ከተጫነ እግር ይደነዝዛል፤ ሲብስ የእግር ጣትን ወደላይ ማንሳት እስከማቃት ይደርሳል። እናቲቱ ሚዛኗን ለመጠበቅ ብላ ቅልጥሟን በእጇ ጭምቅ ካደረገች ጉዳቱ ይፈጥናል። ስለዚህ የምትይዘው ሌላ ነገር ትፈልጋለች። አንዳንድ አልጋዎች ላይ የሚገጠም የቁጢጥ ብረት አለ፤ ከመጠቀም በፊት ሁለቱም ጎን መቆለፉን በኃይል ስቦ መፈተሽ ነው። ብረቱ ከሌለ አጋዥ ወንበር ላይ ተቀምጦ እግሩን ይክፈት፣ እርስዎ ጀርባዎን ሰጥተው በመካከሉ ቁጢጥ ብለው ክንድዎን ጭኑ ላይ ያሳርፉ። ተረከዝዎ መሬት ካልነካ የተጠቀለለ ፎጣ ከሥሩ ይግባ።

ከጣሪያ ላይ ገመድ ወይም ጨርቅ መስቀልስ?

በጣም ይረዳል፤ የተሰቀለበት ነገር ግን መታመን አለበት። በምጥ ጊዜ የሚሳበው በድንገትና በሙሉ ኃይል ስለሆነ ከሰው ክብደት የሚበልጥ ጫና ይመጣል። በባለሙያ ከቤቱ ተሸካሚ ምሰሶ ወይም ከኮንክሪት ጋር የተገጠመ ማንጠልጠያ ብቻ ነው የሚሆነው። በር፣ የመጋረጃ ዘንግ፣ የመብራት መንጠቆና የግሉኮስ መስቀያ አይሆኑም። ጨርቁ የማይለጠጥ፣ ሰፊና ጠንካራ ይሁን፤ ጫፉ ላይ የሚጨበጥ ቋጠሮ ይደረግ። ሲይዙት ክንድዎ በትንሹ ታጥፎ እጅዎ ከራስዎ ትንሽ ከፍ ይበል፤ እግርዎ ምንጊዜም መሬት ይርገጥ፤ በብብት ወይም በአንገት ዙሪያ አይጠምጠም።

ማንጠልጠያ ከሌለ ያንኑ ጨርቅ አጋዡ አንዱን ጫፍ ይያዝና እርስዎ ሌላውን ይሳቡ። ያለ ምንም ገጠማ ተመሳሳይ ጥቅም ይሰጣል።

ምንም መሳሪያ የሌለበት ቦታ ብወልድስ?

መደገፊያው ያለው ወንበር ላይ ወደኋላ ዞረው፣ ደረትዎን ለመደገፊያው ሰጥተው ይቀመጡ። የአልጋው ራስጌ ከፍ ከተደረገ ፊትዎን ወደ ራስጌው አዙረው ፍራሹ ላይ ይንበርከኩና ይደገፉት። ግድግዳ፣ የመስኮት ደፍ፣ የአጋዥ ትከሻ ሁሉም ይሠራሉ። አልጋው ጎማ ያለው ከሆነ ከሁሉ በፊት ፍሬኑ ይታሰር።

የልብ ምት መከታተያ ቀበቶ ወይም ግሉኮስ ተደርጎልኝ መንቀሳቀስ እችላለሁ?

አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል። አስጊ ሁኔታ ከሌለ የልጁን የልብ ምት በፌቶስኮፕ ወይም በእጅ ዶፕለር ማዳመጥ በቂ ነው፤ በመጀመሪያው ደረጃ በየ15 እስከ 30 ደቂቃ፣ በሁለተኛው (በመግፊያው) በየ5 ደቂቃ፣ ቢያንስ ለ1 ደቂቃ። ለዚህ መተኛት አያስፈልግም፤ አዋላጇ ዝቅ ብላ ታዳምጣለች። ሲቲጂ (በቀበቶ ታስሮ የልጁን የልብ ምት ያለማቋረጥ የሚመዘግብ ማሽን) የግድ ከሆነ፣ ለምሳሌ ምጥ በኦክሲቶሲን ጠብታ ሲታገዝ፣ ኳሱ ወይም ወንበሩ ማሽኑ አጠገብ ይሁን። ሲንቀሳቀሱ ድምፁ የሚጠፋው በቀበቶው የታሰረው ማዳመጫ ከቦታው ስለሚንሸራተት ነው፤ መልሶ ማስተካከል ይገባል እንጂ እናቲቱን ማስተኛት የመጀመሪያው መፍትሔ አይደለም። ነገር ግን ምቱ በግልጽ ካልተሰማ፣ ወይም የእናትየዋን ምት የልጁ ብሎ የመያዝ ጥርጣሬ ካለ፣ እስኪረጋገጥ ድረስ መንቀሳቀሱን ማቋረጥ ነው። የግሉኮስ መርፌ ከእጅ አንጓ ይልቅ ክንድ ላይ ቢተከል ሲደገፉ አይታጠፍም።

መነሳት የሌለብኝ መቼ ነው?

ከባድ የደም መፍሰስ ሲኖር፣ የእንግዴ ልጁ የማህፀን በር ላይ መቀመጡ ሲታወቅ፣ የደም ግፊት በጣም ከፍ ብሎ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ሲያመጣ፣ እንደ ፔቲዲን ያለ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ተወስዶ እንቅልፍ ሲጫጫን፣ የልጁ የልብ ምት አሳሳቢ ሲሆን። የሽርት ውሃ ከፈሰሰና የልጁ ጭንቅላት ገና ወደ ዳሌ ካልገባ፣ አዋላጇ መርምራ እስክትፈቅድ ድረስ አይቁሙ፤ እትብቱ ቀድሞ ሊወርድ ይችላል። ብልት ውስጥ የሚንጠለጠል ወይም የሚመታ ነገር ከተሰማዎት ወዲያውኑ ተንበርክከው ደረትዎን መሬት ያስነኩ፣ መቀመጫዎን ወደላይ ያድርጉ፣ እርዳታም ይጥሩ።

አጋዥ ምን ያድርግ?

ኳስ ላይ ስትሆን ከእጅ ርቀት አይራቅ፤ ከኋላዋ ወይም ከጎኗ ይቁም። በየ30 ደቂቃው ገደማ ሌላ አቀማመጥ ያቅርብላት፣ እምቢ ካለች ይተዋት። በየ2 ሰዓቱ ሽንት እንድትሸና ያስታውሳት፤ የሞላ ፊኛ የልጁን መውረድ ያዘገያል፣ መጸዳጃ ቤት ድረስ መሄዱም አንድ ዙር እንቅስቃሴ ነው። ሲደግፋት ጉልበቱን ይጠፍ እንጂ ወገቡን አያጉብጥ፤ ሙሉ ክብደቷን ቆሞ ለመሸከም አይሞክር።

ቢደክመኝስ?

በግራም በቀኝም በጎንዎ ይተኙ፤ ትራስ በጉልበትዎ መካከል ያድርጉ። ረጅም ምጥ ላይ እረፍት የእቅዱ ክፍል ነው።

መሳሪያዎቹ እንዴት ይጸዳሉ?

ደምና ፈሳሽ በመጀመሪያ በሳሙናና በውሃ ይታጠባል፤ ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ ክሎሪን ኃይሉን ያጣልና። ከዚያ በ0.5 በመቶ የክሎሪን ውሃ ተጠርጎ 10 ደቂቃ ይቆያል፣ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል፣ ይደርቃል። ኳስን በአልኮል ደጋግሞ መጥረግ ፕላስቲኩን ያደርቀዋል፤ አምራቹ ክሎሪንንም ከከለከለ የሚፈቅደውን ፀረ ተህዋስ መጠቀም ነው። የስፌት ስንጥቅ ያለበት ምንጣፍና የተቀደደ ሽፋን ያለው ትራስ ደም ወደ ውስጥ ስለሚያስገቡ ይወገዱ።

ከእያንዳንዷ እናት በኋላ ኳሱን በመዳፍ ዙሪያውን ይዳስሱት። የተላጠ፣ የተቧጨረ ወይም አብጦ የወጣ ቦታ ከተገኘ ኳሱ ይጣላል፤ ተለጥፎ ተመልሶ አይገባም። የዱካው ብሎኖችና የእግሩ ጎማዎችም አብረው ይታዩ። ኳስ ከፀሐይ፣ ከማሞቂያና ከስለታም ነገር ርቆ፣ እንደተነፋ፣ እናቲቱ ስትገባ ዓይኗ የሚያርፍበት ቦታ ይቀመጥ።